ባለሜዳ በሰው አገር

"እናቱ አሁን የለችም" አሉ ሀጂ ሱሌይማን፣ ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አድርገው እንደያዙ። "እኔን ጠይቂኝ የኔ ልጅ። አባቱም እናቱም እኔ ነኝ።"

ዘይቱና ከመጋረጃው ወዲህ ቆማ ነበር። በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በሌላው ግማሹ የተላጠ ሽንኩርት ይዛለች። ወደ ሳሎኑ የመጣችው ቅቅሉ ውስጥ ቲማቲም ይግባ አይግባ ልትጠይቅ ነበር፤ ሀጂ ጨጓራ ስላለባቸው ይህ ሳይጠየቅ አይደረግም። መጋረጃው ስስ ነው። በውስጡ የሀጂን ነጭ ቆብ፣ ለእንግዶች የተደረደሩትን አዳዲስ ትራሶች፣ ግድግዳውን የሞላውን ጥቁር ቴሌቪዥን ታያለች። የስልኩ ድምፅ ተለቆ ስለነበር የጋዜጠኛዋ ቃል ጓዳ ድረስ ይሰማል። ከአዲስ አበባ፣ ከሬዲዮ ነው የምትደውለው፤ "የእናቱን ድምፅ ብናገኝ ለአድማጮቻችን ደስ ይል ነበር" ትላለች፣ ደጋግማ። ሀጂም ደግመው "የለችም አልኩሽ እኮ" አሉና ስለ ካሚል ማውራት ጀመሩ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእጃቸው እንዳልወጣ፣ የመጀመሪያውን የኳስ ጫማ እሳቸው እንደገዙለት፣ ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠ ለት ቤቱ እንዴት በእልልታ እንደተሞላ።

ጫማውን መግዛታቸው እውነት ነው። ሰፍቶት ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ነበር የሚጫወትበት። ባሏ ሷሊሕ ወደ ሳውዲ ሊሻገር ሲል ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ አንድ ጆንያ ማሽላ አስጭነው የመጡት፣ በኋላም የልጁን የትምህርት ቤት ልብስ ያሰፉት እኚሁ የሷሊሕ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዘይቱና ይህን በሄደችበት ሁሉ ትናገራለች፣ ክዳ አታውቅም። የወንድም ልጅ፣ ልጅ ነው፤ ካሚል የሳቸው ልጅ ቢባል በአገሩ ወግ ነውር የለውም። "የለችም" የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ እኮ አለች። የሽንኩርቱ ውሃ በእጇ አንጓ ላይ እየወረደ፣ እዚሁ አለች።

የሀጂ ሚስት ኑርሃን ጓዳው ወለል ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። እሷም ሰምታለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኑርሃን አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ ተወችውና ወደ ሩዙ አቀረቀረች። ከነጩ ሩዝ መሀል የሌለ ጠጠር አንስታ ወደ ጎን ጣለች። በሁለቱ ሴቶች መሀል ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ የሚባለው ነገር ከጉሮሮ ይደርስና ተመልሶ ይዋጣል። ዘይቱና ሽንኩርቱን መክተፊያው ላይ፣ ቢላዋውን ከጎኑ አስቀመጠች። እጇን ታጠበች። ሻርፗን ከምስማሩ አውርዳ ተከናነበችና በጓሮ በኩል ወጣች። ዝንብ የሰፈረበትን የሙክት ቆዳ አልፋ የኋላውን በር ስትከፍት ማንም "ወዴት ነው?" አላላትም። የለችም ተብላለች፤ እንግዲህ አለመኖር እንዴት እንደሆነ ትሞክረው።

የጥቅምት ፀሐይ ሸዋ ሮቢት ላይ ገና በረፋዱ ትበረታለች። እሑድ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ነጭ ለብሰው ጥላ ጥላውን ይሄዳሉ፤ ባጃጆቹ ከመስጊዱ ጥግ ተሰልፈው ሾፌሮቹ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ተኝተዋል። ከሀጂ መጋዘን ፊት ለፊት አዲሱ የማሾ ምርት በጆንያ ተከምሯል። ከዚያ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያገኛት ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ! የሀጂ ልጅ ዛሬ ይጫወታል አሉ!" ይላታል። እሷም "አሚን፣ አሚን" እያለች ታልፋለች። ሰዎቹ ክፋት የላቸውም። ከተማው ካሚልን የሚያውቀው በሀጂ ስም ነው፤ እሷን ደግሞ የሚያውቃት በፓፓያ ሳህኗ ነው፤ ሁለቱን ማን ያገናኛል?

ትናንት ማታ ካሚል ከሞሮኮ ደውሎ ነበር። "እማ፣ ከመጀመሪያው ነኝ" አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "በግራ መስመር። በናንተ አቆጣጠር አስር ሰዓት ነው። እዪኝ እሺ?" አይሃለሁ አለችው። ስለ ኳስ የምታውቀው ኳስ ከእግር ወደ እግር እንደሚሄድ ብቻ ነው፤ ግን ቃል ሰጥታለች። የተከራየችው ክፍል ውስጥ ከአልጋ፣ ከሳጥንና ከጀሪካን በቀር ምንም የለም። ስለዚህ አሳቧ ሀጂ ቤት ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ወጡን አውጥታ፣ ጨዋታው ሲጀመር ከመጋረጃው ሥር ቆማ ልታየው ነበር። ያ አሁን የለም። አስር ሰዓት ግን ይመጣል።

የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ቦታ፣ ከዣንጥላው ሥር፣ ሮማን የሷንም የራሷንም ፓፓያ ትጠብቃለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነግዱ ኖረዋል፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ታበላለች፣ አንዷ ስትሰግድ ሌላዋ ዝርዝር ትመልሳለች።

"ምነው? ድግስ ላይ ነኝ አላልሽኝም?" አለች ሮማን።

"ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝ።"

"ዕድሜሽን ሙሉ ስትልጪ ኖረሽ ዛሬ አቃጠለሽ?" ሮማን ፊቷን አየችና ቀልዱን ተወችው። አንድ ፓፓያ ሰንጥቃ፣ ጥቁሩን ፍሬ በጣቷ ጠራርጋ ሰጠቻት። ዘይቱና እየበላች መንገዱን ታይ ነበር። እዚህች ቦታ ላይ ነበር ካሚል ያልበሰለ ፓፓያ በእግሩ እያነጠረ ተሳፋሪውን የሚያስቀው፤ ፓፓያው አስፋልት ላይ ሲፈርጥ እሷ ትጮኽበት ነበር፤ እሱም ቀኝ እግሩን አንስቶ የግራ ባቱን ያክ ነበር። በተቆጣችው ቁጥር እንዲህ ያደርጋል። "ለዚያ ሁሉ ፓፓያ ምነው ባልጮህኩበት" አለች ድንገት፤ ሮማንም ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። "ጋሽ ሞገስ ዘንድ ሂጂ" አለቻት። "ቴሌቪዥን አላቸው። ለኳስ እምቢ አይሉም።"

የጋሽ ሞገስ ሆቴል ምግብ ቤቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ሁለት አውቶቡስ ሰው በልቶ ከሄደ በኋላ ጠረጴዛዎቹ ላይ አጥንትና የውሃ ፕላስቲክ ቀርቷል። እሳቸው ከሒሳብ መቀበያው ኋላ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን፣ ጃኬታቸውን በዚያ ሙቀት እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ዘይቱና ጉዳይዋን ስትነግራቸው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ።

"ያ ፓፓያ የሚያነጥረው? ያ ያንቺ ነው እንዴ? እኔስ የሀጂ..." አሉና ተዉት። አስተናጋጇን ጠርተው ጣቢያውን አስለወጡ፤ ለዘይቱናም ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ወንበር አስቀመጡላት። ሰዓቱ ገና ነበር። ሰው ሲያገኙ ማውራት ይወዳሉ፤ ስለ ብሔራዊ ቡድን ከሆነ ደግሞ ማቆሚያ የላቸውም። በሃምሳ አራት ዓ.ም. ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ሲበላ ልጅ ነበሩ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ የነበረው አንድ የመናዊ ባለሱቅ ነው፤ ሱቁ ደጃፍ ሰው እንደ ገበያ ተኮልኩሎ ነበር። "ግብፅን አራት ለሁለት! በጭማሪ ሰዓት!" አሉ፣ ትናንት እንደሆነ ሁሉ። "እኔ ጨዋታውን አይደለም የማስታውሰው። የሕዝቡን ጩኸት ነው። በሬዲዮው ውስጥ እንደ ሮቢ ወንዝ ሙላት ይመጣ ነበር። እኛም እዚህ ሆነን እንጮሃለን፤ እነሱ የሚሰሙን ይመስለን ነበር።" ዋንጫው ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም። ከውድድሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ርቆ፣ በሁለት ሺህ አምስት፣ ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ለምሳ የቆመ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ለስላሳ በነፃ አጠጥተዋል፤ ሚስታቸው እስከ ዛሬ ትነግራቸዋለች።

"ዛሬ የሚጫወቱት ሞሮኮ ውስጥ ነው አይደል?" አለች ዘይቱና። "እንግዳ ሆነው ነው?"

"ኧረ ባለሜዳ ናቸው!" ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አጭር ነበር። "በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ የሚደረገው ማጣሪያ ነው፤ የቤታችን ጨዋታ፣ በሰው አገር። ሜዳችሁ ለዚህ አይበቃም ተባልን። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ መጸዳጃው ሳይቀር ተቆጠረ። እስኪታደስ ድረስ ቤት እንከራያለን። አሁን እዚያ ባለቤት ተብለው ይገባሉ፤ የሚያጨበጭብላቸው የለም።"

ዘይቱና ይህን ቆም ብላ አሰበችው። ቤት ተከራይቶ ባለቤት መባል ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ልትናገር ስትል የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ቀጥ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረችው ዘፋኝ አፏን እንደከፈተች ጠፋች። "ሄደ!" አለች አስተናጋጇ ከወጥ ቤት። ጋሽ ሞገስ ወደ በሩ ወጥተው ግራ ቀኙን አዩ። ፀጉር ቤቱም፣ ፋርማሲውም፣ ማዶ ያለው መስጊድም ጨልሟል፤ ከተማው በሙሉ ነው። ጄኔሬተራቸውን የወንድማቸው ልጅ ለሠርግ ብሎ ካራቆሬ ወስዶት አልመለሰም። ይህንን ሲናገሩ የወንድማቸውን ልጅ በስሙ አልጠሩትም፤ "ያ ሰውዬ" ነበር ያሉት።

"ተመስገን ቤት ጄኔሬተር አለ" አሉ በመጨረሻ፣ አገጫቸውን እያከኩ። "ግን የኳስ ቤት ነው። ሴት አልተለመደም፤ ያውም እንዳንቺ ያለች እናት።"

"የሚጫወቱት ልጆች ከሴት አይደል የተወለዱት?"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉ ጋሽ ሞገስ። እንሂድ ግን አላሏትም። ጉልበታቸው አይችልም።

የተመስገን ኳስ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ጄኔሬተሩ ደጅ እየተንደቀደቀ ጭሱን ወደ መንገዱ ይተፋል። በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ በጠመኔ ተጽፏል። ዘይቱና የማታ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ሰሌዳ አይታ አታልፍም፤ ቆማ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። አርሴናል ይላል። ሊቨርፑል ይላል። አስር ሰዓት ይላል። ኢትዮጵያ የሚል እንዳለ ከሥርም ከላይም ፈለገች፤ የለም። ሻርፗን አጥብቃ ገባች። ውስጡ ጨለማና ላብ ነው፤ በረድፍ የተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ጫት የሚቅም ይቅማል፣ ኦቾሎኒ የሚፈለፍል ይፈለፍላል። የበሩ ብርሃን ሲገባ ሁሉም ዞሮ አያት።

"ተሳስተው ነው እትዬ?" አለ አንዱ። "ወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ነው፤ እሱም መብራት የለውም።"

"አልተሳሳትኩም። የኢትዮጵያን ጨዋታ ክፈቱልኝ።"

ከኋላ ወንበር አንዱ "ዋልያ እኮ የደጋ እንስሳ ነው እትዬ፣ ቆላ ካወረዱት በሙቀት ይሞታል!" አለ፤ ሌላው ተቀብሎ "ኧረ በደጋውም እያለቀ ነው!" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀይ የአርሴናል ማሊያ የለበሰው ሰውዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ "እኔ አባቴ ሙሉ ዕድሜውን በዋልያ ሲያዝን አየሁ" አለ። "እኔ ማዘን ከሆነ በአርሴናል ይበቃኛል።" ይኼኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳቃቸው።

ባለቤቱ ተመስገን ሪሞቱን እንደያዘ በመሀል ቆሟል። ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ክፉ አይደለም። ጨዋታ ሲጋጭ የቤቱ ደንብ እጅ ማስወጣት ነው፤ ብዙው ያሸንፋል፣ የተሸነፈ ዝም ይላል። "እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው" አለ። "ዋልያ የሚል እጁን ያውጣ።" ዘይቱና እጇን አወጣች። በማታው ትምህርት ቤት ጥያቄ ለመመለስ እንደምታደርገው አድርጋ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ። ከሷ በቀር እጅ አልወጣም። ጥቂቶቹ ሳቁ፤ ጥቂቶቹ ግን እጇን ሲያዩ መሬት መሬቱን አዩ።

"እትዬ፣ ማን አለዎት እዚያ?" አለ ተመስገን ለስለስ ብሎ።

"ልጄ።"

"የሁላችንም ልጆች ናቸው" አለ አንዱ።

"የኔ ግን ካሚል ነው።"

"ካሚልማ የሀጂ ሱሌይማን ልጅ ነው እኮ!" አለ ባለ ቀይ ማሊያው፤ ማስተካከሉ ነው እንጂ ማስቀየሙ አልነበረም። ያችው "የለችም" የምትል ቃል እዚህም ዘይቱናን ቀድማት ገብታ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ልትወጣ ዞር አለች። ተመስገን ፊቷን አየ፤ ምን እንዳየበት አላህ ያውቃል፤ "ቆይ፣ ቆይ" አለና ወደ ጓሮ ገብቶ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ታቅፎ ወጣ። ከአዳራሹ ማዶ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ጥግ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጠው፤ ገመድ ከገመድ አገናኘ፤ በጡጫው ጎኑን መታ። "ድምፅ የለውም፤ ከትልቁ ጋር ይደባለቃል" አላት። "ድምፁን ተወው" አለችው፤ "ምስሉን ብቻ ስጠኝ።"

እንዲህ ሆነው ተቀመጡ፦ ቤት ሙሉ ወንድ ወደ አንደኛው ግድግዳ፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ሌላኛው።

ምስሉ እንደ በረዶ ይነፍሳል። በመጀመሪያ ወንበሮች ብቻ ታዩዋት፤ ሰማያዊ፣ ባዶ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ ሰማይ ጥግ። ሰው መጥቶ ገና የሚሞላቸው መሰላት። ከዚያ ተጫዋቾቹ ወጥተው ተሰለፉ። መዝሙር እየተዘመረ መሆኑን ከከንፈራቸው አወቀች። አንድ ዓይነት ማሊያ፣ አንድ ዓይነት የተቆረጠ ፀጉር፣ አንድ ዓይነት የከሳ ጉንጭ ነው፤ ሁሉም ካሚልን ይመስላሉ፣ ማናቸውም አይመስሉም። ልጅን አለመለየት አለ እንዴ? ካሜራው አልፏቸው ሄደና ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ከመጨረሻው አንዱ፣ ደረቱ ላይ እጁን እንዳደረገ፣ ቀኝ እግሩን ቀስ ብሎ አነሳና የግራ ባቱን አከከ። "ይኸውላችሁ" አለች ዘይቱና። ማንም አልሰማትም። ከኋላዋ የእንግሊዝ አገር ሕዝብ ይዘምራል፤ ከፊቷ የራሷ አገር ልጆች ያለ ድምፅ ይዘምራሉ።

የተጋጣሚውን አገር ስም ደጋግመው ነግረዋት ደጋግማ ረስታዋለች፤ ነጭ የለበሱት ናቸው። ጨዋታውን እንደ ጨዋታ አላየችውም። ኳሱ የትም ቢሄድ እሷ ዓይኗን ከግራው መስመር አላነሳችም፤ ሲሮጥ ትሮጣለች፣ ሲቆም ትንፋሽ ታወጣለች። አንዴ ውሃ ጠጥቶ ፕላስቲኩን ከሜዳው ጥግ አስተካክሎ ሲያስቀምጥ አየችና ደስ አላት፤ እንዳይጥል፣ እንዲህ እንዲያደርግ ያስተማረችው እሷ ናት። እረፍት ሲሆን ሊደውል ይችላል ብላ ስልኳን ለማውጣት ኪሷን ዳበሰች። የለም። መክተፊያው ላይ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ እንደተወችው ያኔ ታወሳት። ተመልሳ ልታመጣው አልቻለችም፤ ዞር ያለች እንደሆን የሚጠፋባት መሰላት።

ከእረፍት በኋላ፣ ነጭ ለባሾቹ አንድ ኳስ በግራ በኩል አሻገሩ። ካሚል ቀድሞ ደረሰ። ለግብ ጠባቂው ሊመልስ ዞረ፣ የቆመበት እግር ከሣሩ ላይ ሸተት አለ፣ ወደቀ። ኳሱ ነጭ ለለበሰው ልጅ ቀረለት። ዘይቱና ብድግ አለች። ኳሱ መረቡን ሲነካና ከኋላዋ ቤቱ በሙሉ "ጎ...ል!" ብሎ ሲፈነዳ አንድ ሆነ፤ ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው ከሰው ተቃቀፈ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። በልጇ መውደቅ የጨፈሩ መሰላት። የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ቆመች። ወዲያው የአርሴናል መሆኑን አወቀች፤ ግን ያ አንድ አፍታ ከሰውነቷ አልወጣም። በትንሿ ስክሪን ላይ ካሚል በጉልበቱ ተንበርክኮ ግንባሩን ሣሩ ላይ አድርጓል። ማንም አልመጣለትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዱ ጓደኛው በክንዱ ጎትቶ አነሳው። እሷ እጇን ዘርግታ እንደነበረ ያወቀችው መስተዋቱን ስትነካው ነው፤ ሞቆ ነበር።

ሌላ ግብ አልገባም። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ነጭ ለባሾቹ ተቃቀፉ፤ አረንጓዴዎቹ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ተሰብስበው ወደ አንደኛው ወገን ሄዱ፤ ደጋፊን ማመስገን ወግ ነው፣ ባለሜዳ ደግሞ ይህንን ሳያደርግ አይወጣም። በዚያ በኩል ግን ደጋፊ የለም። ባዶውን ሰማያዊ ወንበር ትይዩ ተሰልፈው እጃቸውን ከፍ አድርገው አጨበጨቡ። ሌሎቹ ወዲያው ተመለሱ። ካሚል ቀረ። ብቻውን ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ወንበሮቹ፣ ማለትም ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደሷ አድርጎ ያጨበጭብ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ዘይቱና እጆቿን አንስታ አጨበጨበችለት። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ መዳፏ እስኪግል።

ባለ ቀይ ማሊያው ዞሮ አያት። "እትዬ፣ አሸነፉ እንዴ?"

"ተሸነፉ" አለችው፣ ሳታቆም።

ስትወጣ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ መስጊድ ገብታ መግሪብን ሰገደች። መብራቱ አልመጣም። ወደ ክፍሏ የሚወስደው መንገድ በሀጂ ደጃፍ ነው የሚያልፈው፤ ስልኳም እዚያው ነው። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። በሙቀቱና በጨለማው ምክንያት እንግዶቹ ከሳሎን ወጥተው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመሀላቸው አንድ ፋኖስ አለ፤ ሙክቱ ተበልቶ አጥንቱ በትሪ ተከምሯል። ከፋኖሱ አጠገብ፣ ሀጂ መዳፍ ላይ፣ የካሚል ድምፅ ነበር። ዘይቱና እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች።

"...አያችሁኝ ወይ?" ይላል ካሚል።

"መብራት ሄዶብን ልጄ" አሉ ሀጂ፤ ድምፃቸው እንደ ጠዋቱ ከፍ አላለም። "ይህን ሁሉ ሰው ጠርቼ፣ ምንም ሳናይ ዋልን። ጥቁር መስተዋት ስናይ።"

"እንኳን አላያችሁ" አለ ካሚል። ቀጥሎም፦ "እማስ? ደጋግሜ ደወልኩላት፤ አታነሳም። የት አለች?"

"እዚሁ አለች፤ ኩሽና ናት። ኑርሃን! ዘይቱናን ጥሪያት፣ ካሚል ነው በያት!"

ከኩሽናው ምላሽ አልመጣም። ሀጂ እንደገና ተጣሩ። ኑርሃን በሩ ላይ ብቅ አለች፤ በእጇ የዘይቱናን ስልክ ይዛለች። ብርሃኑ ፊቷን ከታች ወደ ላይ ያበራዋል። ቀኑን ሙሉ የዋጠችው ነገር ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት አወጣችው።

"የለችም" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ የለችም። የለችም ሲሉ ሰምታ ነው የወጣችው።"

አንዱ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። ስልኩ ውስጥ ካሚል "እንዴ፣ ምን ማለት ነው?" ይላል። ሀጂ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። ዘይቱና በሩን ገፋ አደረገችው።

"አለሁ" አለች።

በኩሽናው በኩል አልዞረችም። ጫማዋን አውልቃ በወንዶቹ መሀል፣ በምንጣፉ ላይ አልፋ ፋኖሱ ጋ ደረሰችና መዳፏን ዘረጋች። ሀጂ ስልኩን ሰጧት። "የት ዋልሽ?" አሏት፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። ከጎናቸው ያለውን አዲሱን ትራስ ጠጋ አደረጉላት። አልተቀመጠችም።

"እማ?"

"አቤት።"

"አንቺም አላየሽኝም?"

"አይቼሃለሁ።"

"ያችንም?"

"ያችንም አይቻለሁ። ሣሩ እርጥብ ነበር።"

"እርጥብ ነበር" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። "አንድ ሰው እንኳ አልነበረም እማ። የቤታችሁ ጨዋታ ነው አሉን፤ አንድ ሰው የለም። ወግ ነው ብለን ሄደን ለባዶ ወንበር አጨበጨብን።"

እንግዶቹ ሁሉ ይሰሙ ነበር። ኑርሃን በሩ ላይ እንደቆመች ናት። ዘይቱና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች፤ መዳፏ አሁንም ይቆጠቁጣል።

"ባዶ አልነበረም" አለችው።